ለአንኮበሯ ወፍ ስም ያወጡላት ሰው

(ለወፍ ወዳጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በትንሹ የተስተካከለ)

ውድ የወፍ ወዳጆች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ስለ ዶክተር ጆን አሽ ነው። ከእናንተ ገሚሱ ስማቸውን ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ገሚሱ ደግሞ ስማቸውን ሳታውቁ በሥራቸው ስትጠቀሙ ኖራችኋል። «ይህች ወፍ በዚህ ወር ትመጣለች፣ በዚያ ወር ትሄዳለች፣ ከዚህ ተራራ ወዲያ አትገኝም» ሲባል ስትሰሙ፣ ከወሬው ጀርባ ብዙ ጊዜ የእሳቸው ማስታወሻ አለ። ከመካከላችን ያሉት ወጣቶች «ጋሽ አሽ» ይሏቸዋል። ቤት ስለሚመታ መሰለኝ። እኔም ለምጄዋለሁ።

ያረፉት በፈረንጆች 2014 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በእኛ 2006 መሆኑ ነው። 88 ዓመታቸው ነበር። ታዲያ እንግሊዝ አገር ተወልደው ያረፉ ሰው የእኛ አባል ናቸው ወይ? አዎ፣ የእኛ ናቸው። ከኢትዮጵያ ወፎች ጋር አርባ ዓመት ቆይተዋል። እዚህ የኖሩት ግን ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የተረፈውን ጊዜ ሩቅ ሆነው፣ እዚህ የለቀሙትን ሲያጣሩና ሲጽፉ ነው ያሳለፉት። ብዙዎቻችን ተቃራኒው ነን። አገሩ ላይ ተቀምጠን ከወፎቹ የራቅን።

የተወለዱት በ1925 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው)። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ፖርትላንድ በተባለ ባሕር ውስጥ ገባ ባለ ጫፍ ላይ የሚያልፉ ወፎችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከዚያ እንደ ጅግራ ባሉ ለአደን በሚፈለጉ ወፎች ላይ በሚሠራ የምርምር ተቋም ሠርተዋል። ይህን ቶሎ ልለፈው፤ ለእኛ ታሪኩ የሚጀምረው በ1969 አዲስ አበባ ሲገቡ ነው። 44 ዓመታቸው ነበር።

የቀጠራቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። የባሕር ኃይል አዲስ አበባ ላይ ምን ይሠራል ማለታችሁ አይቀርም። መርከብ አልነበረውም። የነበረው የሕክምና ምርምር ጣቢያ ነው፤ በአካባቢው የሚታዩ በሽታዎችን ያጠና ነበር። በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው እኛ ጋ የሚከርሙ ወፎች ይዘውት የሚዞሩት መዥገርና ቫይረስ ከጉዳዮቹ አንዱ ነበር። ለዚህ ወፍ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ሆኖ ነው አንድ ሰው በደመወዝ ወፍ ሲያሳድድ የኖረው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ለእሱም ይከፈላል እንዴ?» አለችኝ። የእኔን ቅዳሜዎች እያሰበች መሆኑ ገብቶኛል።

ሥራቸው ምን ይመስል እንደነበር በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ወፍ ቀለበት የማሰርን ሥራ ላሳያችሁ።

መረቡ የሚዘረጋው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል ይወጠራል። ክሩ ስስ ስለሆነ ቁጥቋጦ ፊት ለፊት ሲቆም ለዓይን አይታይም። ወፏ በርራ ትመጣና መረቡ ውስጥ ትገባለች፤ ከታች ባለው እጥፋት ውስጥም ታርፋለች። በአግባቡ ከተሠራ አትጎዳም። ትናደዳለች ግን። አንዳንዷ ጣት ትነክሳለች፤ ምንቃሯ ጥሬ ለመስበር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ንክሻዋ ያማል።

ከመረብ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በገባችበት በኩል ነው የምትወጣው። እግሯ ይፈታል፣ ከዚያ ክንፏ፣ ከዚያ ራሷ። ከዚያ ጀርባዋ መዳፍ ላይ ያርፋል። አንገቷ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ይገባል። ጣት ግን አይጨብጥም። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች እየጣለች ነው፤ ደረቷን የጨመቀ ያፍናታል። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንዳታመልጠው ብሎ ያጠብቃል።

ቀጥሎ ቀለበቱ ነው። ለቀለበት ተብሎ በተሠራ ፒንሳ እግሯ ላይ ይገጠማል። ቁጥርና አድራሻ ተቀርጾበታል። ክንፏ በማስመሪያ ይለካል። ትንሽ ከረጢት ውስጥ ትገባና ትመዘናለች። አንገቷ ሥር ያለው ላባ በትንፋሽ እፍ ይባላል። እዚያ ቆዳው በስሱ ስለሚያሳይ፣ ስብ ካላት ቢጫ ሆኖ ይታያል። ያ ስብ ስንቋ ነው። መጋቢት ላይ የተያዘች ወፍ ስቧ ከሞላ፣ መንገድ ልትጀምር ነው ማለት ነው። ሁሉም ይጻፋል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቁጥር። ከዚያ እጅ ይከፈታል።

ይህን ሥራ አሽ በዓመት ውስጥ ለሺህ ወፎች እየደጋገሙ ይሠሩት ነበር። ትርፉ ምንድነው? እውነቱን ለመናገር፣ ቀለበት የታሰረላቸው ትንንሽ ወፎች አብዛኞቹ የቁራ መልእክተኛ ናቸው። እንደሄዱ ይቀራሉ። ከመቶ አንዷ እንኳ ወሬዋ አይሰማም። ግን ያቺ አንዷ ሩሲያ ወይም ሌላ ሩቅ አገር ስትያዝ፣ ቁጥሯ ይነበባል፣ ደብዳቤ ይላካል፣ በካርታ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል። ኢትዮጵያን ከዚያ አገር ጋር ያገናኘው 20 ግራም እንኳ የማትሞላ ፍጡር ነች። ለዚህ ነው ይህ ሥራ ትዕግሥት የሌለውን ሰው የማይወደው።

እዚህ ላይ አንድ ወፍ ልጥቀስ። ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዘዋን፣ ደረቷ ቢጫ የሆነችዋን ታውቋታላችሁ። ከመስቀል ወዲህ ትመጣለች። ከብት ሲግጥ እግሩ ሥር ስር ትሮጣለች፤ ከሣሩ የሚነሳውን ነፍሳት ለመልቀም ነው። የገጠር ልጅ ሆኖ እሷን ያላየ የለም። ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ደንገል ውስጥ ተሰብስበው ያድራሉ፣ አንዳንዴ በሺህ። ወንዶቹን ጠጋ ብላችሁ ካያችኋቸው ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ግራጫ ነው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። እያንዳንዱ ከተለያየ አገር የመጣ ዘር ነው። እዚህ አንድ መስክ ላይ ተቀላቅለው ይከርሙና ሚያዝያ ሳያልቅ በየአገራቸው ይበተናሉ።

ስለ አሽ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይህች ተራ ወፍ ናት። ብዙ ፈረንጅ እዚህ የሚመጣው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙትን ብርቅዬ ወፎች ሊያይ ነው። ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ነው። አሽ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያያትን የከብት ተከታይ ወፍ ይዘው ክንፏን ይለኩ ነበር።

አሁን ወደ አንኮበር እንሂድ።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ደጋው ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ የአፋር ቆላ ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደሉን ይዞ ይወርዳል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ከላይ ያንዣብባል። ብርዱ አይጣል ነው።

ይህ ቦታ ማንም ያልረገጠው አይደለም። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ የተፈጥሮ አጥኚ ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ ጣሊያናዊው ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መጣ። ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ ሙያው ወፍ መሰብሰብ ነው። ዓመታት እዚያው ኖረ፤ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እሱና ባልንጀሮቹ የሰበሰቧቸው ወፎች ጣሊያን ተልከው ተጠኑ። በ1880ዎቹ ከእነዚያ መካከል ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ አንዲት ትንሽ ጥሬ ለቃሚ ተገኘች፤ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ከቆላው በኩል የመጣች። ከዚያ በኋላ ግን ወፏ ጠፋች። መቶ ዓመት ያህል ያያት አጥኚ አልነበረም፤ እንደገና የታየችው በ1989 ነው።

እንግዲህ አስቡት። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንኮበርን ሲያስሱ፣ ከቆላው ያለችውን ወፍ አግኝተው አውሮፓ ሲልኩ፣ የእሷ የቅርብ ዘመድ የሆነች ሌላ ወፍ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነገሥታቱ አልፈዋል፣ መልእክተኞቹ አልፈዋል፣ አንቲኖሪ አልፏል። በመጽሐፍ በኩል ግን ወፍ የለም!

አሽ በ1976 አዩአት። አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጸው በ1979 ስም አወጡላት፣ ስሟም የአንኮበር ሆነ።

ለምን እስከዚያ አልታየችም? ወፏን ካያችኋት መልሱ ይገባችኋል። ቡኒና ግራጫ ናት፤ መላ አካሏ ሰረዝ ሰረዝ አለበት። ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ። አፈሩን ትመስላለች። በትንንሽ መንጋ ሆነው ገደል አፋፍ ላይ መሬት ይለቅማሉ፣ ብር ብለው ከገደሉ በታች ይወርዳሉ፣ ያው አለቀ። «ድንቢጥ ነገር ናት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አንኮበር የሄደ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው ገደሉ ላይ ነው፤ ገደሉ ጫፍ ላይ አፈር የምትጭር ግራጫ ወፍ ላይ አይደለም።

አሽ ለምን አዩአት? ብዙ ሰው «ዕድለኛ ነበሩ» ይላል። አይመስለኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ተራ ወፎችን በእጃቸው ይዘው ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተራውን በደንብ ያወቀ ሰው ነው ከተራው የተለየውን የሚለየው። ድንቢጥን ጠንቅቃችሁ ካላወቃችሁ «ይቺ ድንቢጥ አይደለችም» ማለት አትችሉም።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያነሳል። «ፈረንጅ መጥቶ አገኘሁ አለ እንጂ የአንኮበር እረኛ ሲያያት አልኖረም ወይ?» ይላል። ኖሯል እንጂ! ከአሽ አያት በፊትም ያውቃት ነበር። እኔ በዚህ አልከራከርም። እረኛው አይቷታል፤ አሽ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ እንደምትለይ አስረድተው ጻፉ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሠራ ከእኛ ወገን አለመኖሩ። ደግሞ በዚያ ዘመን ለአዲስ ዝርያ ስም ለማውጣት ወፏ መገደልና በናሙናነት መቀመጥ ነበረባት። ይህን የማይወድ ሰው አለ፤ ይገባኛል። እኔም ባነሰ ቁጥር ቢሆን እመርጣለሁ። ግን ያ ናሙና ባይኖር ዛሬ «ይህች ወፍ አለች፣ ጥበቃ ያስፈልጋታል» ለማለት የምንይዘው ነገር አይኖርም ነበር።

ጊዜውንም አትርሱ። በ1976 አገሩ እየታመሰ ነበር። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ተቀምጧል፣ ከተማው ውስጥ ጥይት ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ለአሽም ደረሳቸው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ አዘዘ። የአሥመራው ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹ ቢሮ፣ የማስታወቂያ ቢሮው፣ የአሥመራው ቆንስላና የባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ጣቢያ አብረው ተዘጉ። ለመውጣት የተሰጣቸው ቀናት ብቻ ነበር። ሰውየው በፈረንጅ 1969 መጥተው በእኛ 1969 ሄዱ ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያችን አንዳንዴ ይቀልዳል።

ከዚያ ወደ ሶማሊያ አቀኑ። እዚያም ያው ሥራ ነው። ከሞቃዲሾ በስተሰሜን ባሕር ዳር ባለው የሣር ሜዳ ላይ ያገኟት አንዲት ወፍ በ1982 አዲስ ዝርያ ተብላ በእሳቸው ስም ተሰየመች። ስለ ሶማሊያ ወፎች የጻፉት መጽሐፍ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ1998 ወጣ። አገሩ በጦርነት ፈርሶ ማንም ገብቶ መቁጠር በማይችልበት ሰዓት፣ ቀድሞ የተጻፈው ብቻ ነበር የቀረው።

የኢትዮጵያንም አልተዉም። ጆን አትኪንስ ከተባሉ ሌላ ሰው ጋር ሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎችን የሥርጭት አትላስ በ2009 አሳተሙ። አገሩ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ወፍ ካርታ አለው። የት ታየች፣ በየትኛው ወር፣ የት ጎጆ ሠራች። አሽ በዚያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነበር። እኔ ከአንኮበሯ ወፍ ይልቅ ለዚህ ሥራ ነው ባርኔጣ የማነሳው። አዲስ ዝርያ ማግኘት ስም ያስጠራል። አርባ ዓመት ሙሉ «ይህ መዝገብ ትክክል ነው፣ ያኛው ያጠራጥራል» እያሉ ወረቀት ማጣራት ግን ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው።

ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው አቢጃታን እነግረዋለሁ። በአሽ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በያኔው ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤሚል ኧርባን የሚባሉ መምህር ነበሩ። ከወፍ አጥኚው ሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትን ትልልቅ ነጭ ፔሊካኖች አጥንተዋል። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ ግን የለውም። ስለዚህ ወፎቹ ጎጆአቸውን ሻላ ላይ አድርገው፣ ዓሣ ለማጥመድ በየቀኑ ተራራውን ተሻግረው ወደ አቢጃታ ይበርሩ ነበር። ጠዋት ፀሐይዋ ስትሞቅ በሚነሳው አየር ላይ ተንሳፍፈው ይወጣሉ፣ ሆዳቸውን ሞልተው ለጫጩት ይመለሳሉ። ዛሬ አቢጃታ ሸሽቷል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ይቀዳል፣ ሶዳ አሽ የሚባለው ኬሚካልም ተመርቶበታል። ዓሣው ሄደ፤ ፔሊካኑም ተከተለ። አሁን እዚያ ብትቆሙ ባዶ ጨው መሬት ታያላችሁ። «ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? የእነ ኧርባን ጽሑፍ ባይኖር ምንም አትሉትም ነበር።

አንኮበርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ እየተተከለ ነው፣ እርሻው እስከ ጫፉ ደርሷል፣ ከብቱ ሣሩን ይጨርሳል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ማገዶ ይፈልጋል። ደስ የሚለው፣ ለዓመታት ከአንኮበር ዙሪያ በቀር አትገኝም የተባለችው ወፍ በኋላ በዚያው የገደል መስመር ወደ ሰሜን ተራሮች ድረስ መገኘቷ ነው። በ1996 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ሲመዘግብ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ያለው ገደል አንዱ ሆኗል። ለዚያ መነሻ የሆኑት እንደ አሽ ያሉ ሰዎች ያኖሩት መዝገብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቻችን ባይኖኩላር ስለሌለን ዳር ቆመናል። ካሜራ ያለውም «ጥሩ ፎቶ ካላወጣሁ» እያለ ወፏን ሳያያት ይመለሳል። የአሽ ዋና ዕቃ ማስታወሻ ደብተር ነበር። ተራ ደብተር ይበቃል። የወፏን ስም የማታውቁት ከሆነ «ግራጫ፣ ከድንቢጥ ተለቅ ያለች፣ ጭራዋ ረጅም፣ ብቻዋን» ብላችሁ ጻፉ። ቀንና ቦታ ግን አይቅር። ቀን የሌለው ወሬ ለማንም አይጠቅምም። ዛሬ በስልክ የምትመዘግቡበት መተግበሪያም አለ። እኔ ሁለቱንም እላለሁ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

በነገራችን ላይ፣ ዝርዝራችሁ ላይ «ቁራ፣ ርግብ፣ ድንቢጥ» ብቻ ቢኖር አትፈሩ። ባለፈው አንዷ ልጃችን ቦሌ በሰፈሯ ያየችውን ስታነብብ ሰው ሳቀባት። እኔ ግን የጠየቅኳት «በስንት ሰዓት ነው ያየሽው?» ብዬ ነው። ጽፋው ነበር። በጣም ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ዘንድሮ የአሽን መታሰቢያ ጉዞ አንኮበር ልናደርገው ነበር። መንገዱ እስኪረጋጋ አንሄድም፤ በዚህ አትጨቅጭቁኝ። በምትኩ ቅዳሜ ወደ ገፈርሳ ነው። ከአምቦ መንገድ ግድቡ ጋ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን፣ በጠዋቱ። የቅዳሜ ሥራችን አንድ ብቻ ነው፤ ከብቶቹን እየተከተልን ባለ ቢጫ ደረቷን ጭራ ወዝዋዥ መቁጠር፣ ወንዶቹን በራሳቸው ቀለም እየለዩ። ለሦስት ቡድን እንከፈላለን። አዲስ የመጣ ሰው ከነባር ጋር ይጣመራል። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በጤዛ ይፈሳል። ጭቃ ስላለ ቦቲ ጫማ አድርጉ። እረኞቹን ስታገኙ ሰላም በሉ፣ የምትሠሩትንም ንገሯቸው፤ የት የት እንደሚያድሩ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ቁርስ በየራሳችሁ ነው። ባለፈው አምባሻ ያመጣችው እህታችን ግን ከፈለገች አንከለክላትም።

ጥያቄ ያለው አሁን መጠየቅ ይችላል።